የማይራራ አንባቢ

ራስጌዬ ያለው ሰዓት ተናጋሪ ነው፤
አናቱን ስጫነው በፈረንጅ ቆጥሮ
«ስድስት ከሃምሳ» ይለኛል።
እኔም እንደ ልማዴ በሆዴ አርመዋለሁ፦
ለአንድ ዐሥር ጉዳይ።
ሃያ ሦስት ዓመት ኤድመንተን ኖረን
እኔና ሰዓት ገና አልተስማማንም።

ካልሲዎቼ ጫፋቸው ላይ መርፌ ቁልፍ አላቸው፤
ጥቁሩ አንድ፣ ቡኒው ሁለት።
ከብርጭቆዬ አፍ የምሰቅላት ነገርም አለችኝ፣
አውራ ጣት የምታህል፣ ሁለት ቀጫጭን እግር ያላት፤
ሻዩ ሲነካት ትንጫጫለች
እንደተረገጠች ጫጩት።
ስትንጫጫ አቆማለሁ።
ከእሷ በፊት የምሰቅለው ጣቴን ነበር።

ልጄ ምንታምር እሑድ እሑድ እየመጣች
ደብዳቤ ታነብልኝ ነበር።
ፖስታው ሲቀደድ እሰማለሁ፣ ወረቀቱ ሲዘረጋ፣
ከዚያ ትንሽ ዝምታ፣
ከዚያ «ማስታወቂያ ነው አባዬ፣ የፒዛ።»
ሌላ ይቀደዳል፤ ሌላ ዝምታ።
«ይሄም ማስታወቂያ ነው።»
እኔም ወረቀቱን በጣቴ አሸት አድርጌ
ለራሴ እላለሁ፦
ፒዛ ሻጭ እንዲህ ባለ ወፍራም ወረቀት ይጽፋል እንዴ?

በጥር አንዲት አሠልጣኝ መጣች፣ ዶሪን የምትባል።
ገና ከበሩ ስትገባ
«ወንበር አልስብልህም፤ የት እንዳለ ታውቀዋለህ» አለችኝ።
ያን ጊዜውኑ ወደድኳት።
ስልኬን ከወረቀት በላይ ከፍ አድርጌ መያዝ አስተማረችኝ፣
«ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ላይ» እስኪለኝ፤
ከዚያ ያነባል።

ያነባል!
ሳይተነፍስ፣ ጉሮሮውን ሳይጠርግ፣
«ጌዝ-ሙ» ብሎ ስሜን ለሁለት ሰብሮ፣
ከመሳቢያው ሥር ያገኘሁትን ፖስታ፦
የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። የመብራት ሂሳብ። የአራት ወር።
ሳቄ መጣ።
የመብራት ዕዳ! ያውም የእኔ!
ቀጥሎ ያለውን ሲያነብ ግን ሳቄ ቆመ፦
ክፍያው ደርሶናል። የከፋይ ስም፣ ምንታምር ገዝሙ።
ሦስተኛውም እሷው። አራተኛውም።

ሰው ቢሆን ፊቴን አይቶ
አንዱን መስመር ይዘለው ነበር።
ይህ ግን አይራራም፤ ለዚህ ነው የያዝኩት።
ርኅራኄ ጥሩ ነው፣ እኔም በልቼበታለሁ፤
የጎረሰውን ቃል ግን አይተፋም።

በማግስቱ ወጣሁ።
ነጭ በትር በነጭ በረዶ፣
የሚያይ ሰው አይለየው፤ እኔ ግን በጆሮዬ
ሲያንኳኳ አስፋልት፣ ሲንሿሿ በረዶ።
መጥረጊያው መኪና የከመረው ክምር መሻገሪያውን ዘግቶት
ሁለቴ ወደቅሁ፤
ሦስተኛውን አልቆጥረውም።
አውቶቡሱ ፌርማታውን ሲጠራ ወረድኩ።
ባንክ ቤት ያለችው ልጅ «ማን አብሮህ አለ?» አለችኝ።
«እኔ» አልኳት።
ሂሳቡ ከጡረታዬ እንዲቆረጥ፣
መሐሏ በተቀደደች ካርድ መስኮት ውስጥ
ፊርማዬን ጣልኩ፤ ከመስመር አልወጣም።

እሑድ ምንታምር መጣች።
ፖስታ ቀደደች።
ዝምታው ከወትሮው ረዘመ።
«ማስታወቂያ ነው?» አልኳት። «የፒዛ?»
ወረቀቱ እጇ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል።
አፍንጫዋን ሳበች።
ሻይ ልቀዳ ተነሣሁ።
«ተው እኔ ልቅዳ፣ ትቃጠላለህ።»

በእኛ አማርኛ፣ ልጄ፣ የሁሉም ነገር መጨረሻ ማየት ነው፦
ቀምሶ ማየት፣ ዳስሶ ማየት፣
ጠይቆ ማየት፣
ወድቆም ማየት።
እስቲ ልየው።

ጫጩቷን ከብርጭቆው አፍ ሰቀልኩ፣
ማንቆርቆሪያውን አዘነበልኩ፤
ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን
እስክትንጫጫ ጠበቅን።