የዜኖን አቤቱታ

«ከየት ነው የምትቀጂው ይህን ሁሉ ጥቁር?»
ይሉኛል ሰዎቹ፤ እኔ የለኝ ምስጢር።
ቶሩን ነው ከተማው፣ ቀይ ጡብ ነው ሕንፃዬ፣
የቪስቱላ ጉም ነው መስኮት መጋረጃዬ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ዳቦ ጋጋሪው እንኳ ጎኑን ሳያዞር፣
ካልሲ ደራርቤ፣ ድመቷን አስነሥቼ ከወንበር፣
እርሳሴን በወጥ ቤት ቢላዋ እቀርጻለሁ።
በእስክሪብቶ አልጽፍም። ገዳይም ይጸጸታል፤
የተጸጸተ ሰው ላጲስ ያስፈልገዋል።
ወረቀቴ የደረሰኝ ጀርባ ነው፦
ከፊቱ «ሁለት ኪሎ ጉበት» ከነዋጋው፣
ከኋላው አንዲት ሙሽራ፣ ሌሊቷ ያልነጋው።

ጨለማው? እሱማ ከሩቅ አይመጣም፤
ከደጃችን ነው፣ ግንቡ ላይ ከሚለጠፍ የሞት ማስታወቂያ፣
ዝናብ ስሙን አጥቦ ዕድሜውን ብቻ ከሚያስቀር፤
ከምድር ቤቱ፣ ቁልፉ ከጦርነቱ በፊት ከጠፋ በር፤
ከደወሉ ሰሌዳ፣ የሞተች ጥርስ ሐኪም ስም ካልተፋቀበት፣
አንዳንድ ሰው ዛሬም ተሳስቶ ከሚጫንበት።

ልጅ ሆኜ፣ ከግድግዳው ማዶ፣ የእናቴ የስፌት መኪና
ድንገት ዝም ይል ነበር።
እስኪቀጥል ድረስ ትንፋሼን ይዤ እቆጥር ነበር።
አንድ ቀን አራት መቶ ደረስኩ።
ክር ልትገዛ ወጥታ ኖሯል።
ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ሁሉ ያ ቁጥር ነው፤
ስሙን እየቀየርኩ፣ አንዴ ዋሻ አንዴ ጅብ የማደርገው።

አንድ እሑድ በሬ ተንኳኳ።
ሽማግሌው ዜኖን ነው፣ ከእግሬ ሥር ካለው ፎቅ፤
መጽሐፌ ብብቱ ውስጥ፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ፣ ሳይስቅ፦
«አቤቱታ አለኝ፣ ቦጉሚላ።
የእኔን ጺም፣ የእኔን ባልዲ፣ የእኔን ሳል ሰጥተሽው፣
ከሰሉ ጉድጓድ ውስጥ ገፍትረሽ ገደልሽው።»
ፊቴ ቀላ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት፣
«ሞቱንስ ልሙት» አለ፤ «በሦስተኛው ምዕራፍ ግን ለምን? ምን አጠፋሁበት?
እኅቴ ግዳንስክ ላይ ለመንደሩ ሁሉ አውርታ፣
ገጽ ሠላሳ ሳይሞላ ተቀመጠች አልቅሳ።
እስከ አሥረኛው ብታደርሺኝ ምን ይጎድልብሽ ነበር?»

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ፣ ማሰሮ ሙሉ ኮምጣጣ ጎመን ይዞ፣
«ዛሬስ ማን ሞተ?» ይል ነበር፣ ወንበሩን ወደ ምድጃው ስቦ፣
ምክርም ነበረው፦ «በመሰላል ይሁን፤
መሰላልን ማንም አይጠረጥርም።»
ከሰሌን እስከ አራተኛ ፎቅ ያወጣልኝ ነበር፣
በየማረፊያው ቆሞ እየሳለ፣ እየተራገመ ከደረጃው ጋር።

በየካቲት ውርጭ፣ ከወለሉ ሥር፣ ሳሉ ድንገት ዝም አለ።
እርሳሴን አስቀመጥኩ።
ቆጠርኩ።
አራት መቶ። አምስት መቶ።
ክር ልገዛ የሚወጣ ሰው አልነበረም።

ስንቱን ያነቅሁ፣ ስንቱን ወንዝ ውስጥ የጣልኩ፣
ለእኅቱ የሐዘን ደብዳቤ ሁለት መስመር አጣሁ።
«ሳንባው ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩ።
«ጥሩ ጎረቤት ነበር» ብዬ ጻፍኩ። እሱንም አጠፋሁ።
በመጨረሻ ባዶውን ማሰሮ አጥቤ ላክሁላት።

አሁን የምጽፈው ሕንፃው ሁሉ የሚያልቅበት ነው።
ጥርስ ሐኪሟ፣ ፖስተኛው፣ ድመቷ ሳትቀር፣
በየምዕራፉ አንድ ሰው፣ አንድ የሚዘጋ በር።
አንድ ሽማግሌ ብቻ ባልዲ ይዞ ደረጃውን ይወጣል።
አርታኢዬ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ፦
«ይህ ሰው ለታሪኩ ምን ይሠራል? ይውጣ» ብሎ መለሰልኝ።
ላጲሴን አነሣሁ፤
የአርታኢውን ቃል አጠፋሁ።

አሥረኛው ምዕራፍ ላይ ደርሰናል።
ባልዲው ሙሉ ነው።
ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ቆሟል፣
ያስላል።