አይውጥ፣ አይተፋ

ቤታችን ጠባብ ናት፣ ካፑአስ ወንዝ ዳር፣
ውሃው ሲሞላባት እግሯን የምትነክር።
ግድግዳዋ ፈርሶ ነው የእርሱ ቤት የገባው፣
ስድስት ክንድ መስታወት፣ ስምንት ሰው ያዘለው።
በፊተኛው ዓመት የእናቴ ሬሳ
በበሩ ነው የወጣ፣ ሳጥኑ ጋደል ብሎ፤
የግድግዳ ነገር ማንም አላነሳ።

«አንግ» ብሎ ሰየመው፤ ቀይ ማለት ነው በኛ፤
ጢሙ የሽማግሌ፣ አዋዋሉ የዳኛ።
አሮዋና ነው ስሙ፤ ሲያሞግሱት፣ ዘንዶ።
ዓሣ ጎርጓሪ ነበር ዘንዶ የሚያወጣው፣
አባቴ ግን ዘንዶውን ከፍሎ ነው ያመጣው፤
የእንጨት መሰንጠቂያው የአሥራ አንድ ወር ደሞዝ።
የኔን የልደት ወረቀት መሳቢያ ውስጥ አይጥ በላው፣
የእርሱ ማኅተም አለው፣ ወርቃማ ክፈፍ አለው፤
ቁጥሩም ከቆዳው ሥር፣ በሩዝ ፍሬ ልክ
ተቀብሮ ይኖራል፣ ሌባ እንዳያላክክ።

ማታ ማታ አባቴ ወንበሩን ያስጠጋል፤
ፌንጣ በመቆንጠጫ እያጎረሰው
የመጋዙን ጩኸት፣ የጉልበቱን ቁርጥማት፣ የአለቃውን ክፋት
ለእርሱ ያወጋል።
እኔ ከጀርባው ነኝ፣ ሩዜን እበላለሁ፤
ማንኪያዬን ሆን ብዬ ከሳህን አጋጫለሁ።
ዞር አይልም።

የዓሣው አንድ ዓይን ቁልቁል ማየት ለምዶ
ሲያዘነብል ጊዜ፣ አባቴ ገበያ ወርዶ
ነጭ የቴኒስ ኳስ፣ የጠረጴዛውን፣ ገዛና
ውሃው ላይ አንሳፈፈ፤ «ሽቅብ እንዲያይ» አለኝ።
ቁልቁል ሲያይ የነበረው
እኔን ነበር መሰለኝ።

ማጣሪያውን የሚያጥበው ኡንጋን፣
የላይኛው ወንዝ ሰው፣ የሐይቆቹ አገር ልጅ፣
አንድ ቀን እጁን በሱሪው እየጠረገ
እንዲህ ብሎ ነገረኝ፦
«እናትየዋ ጥላ ትሄዳለች። አባት ነው ታቃፊው፤
እንቁላሉን ሁሉ ይሰበስባል በአፉ።
ልጆቹ እስኪዋኙ፣ ሁለት ወር ያህል ነው፣
አይበላ፣ አያዛጋ፤ አይውጥ፣ አይተፋ።
በረሃብ ይከሳል፣ ጉንጩን ግን አይከፍትም።
እኛ ስናሠግር ያንን አፍ ፈልቅቀን
ነው ልጅ የምንነጥቀው።»
ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው።

አባቴ ልቡን ታሞ ሆስፒታል ያደረ ለት
የፖንቲያናክ ዝናብ ነበር፤ መብራት ሄድ መጣ ይላል።
ክዳኑን ከፍቼ ፌንጣ ጣልኩለት።
ሁለት ጥቁር ድንጋይ ነበሩ፣ ከወንዙ የመጡ፣
ክዳኑ እንዳይነሣ ጥንድ ሆነው የሚቀመጡ፤
አውርጄ ወለል ላይ አኖርኳቸው።
ስልክ ጮኸ።
ሮጥኩ።

ሲነጋ ስመለስ ከወንበሩ ሥር ነበረ፤
ቀይነቱ ከስሞ፣ የአሮጌ ጡብ ቀለም፣
ጀርባው በአቧራ የታጠረ፣
አፉ ባዶ፣ ክፍት።

ጎረቤት ተሰብስቦ «የጌታውን ሞት ወሰደ» አለ፤
«ታማኝ ዓሣ እንዲህ ነው፣ ራሱን የጣለ።»
አባቴ ዳነ፤ ልቡ ውስጥ የሽቦ ቀለበት ገብቶለት መጣ።
ከደጅ ሲገባ መጀመሪያ ያየው
ገንዳውን አልነበረም፤ ወለሉን ነበር።
እኔ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬ
ከንፈሬ ላይ እንደ ቅርፊት ደረቀ።

ሰባት ዓመት ሆነ። ሌላ ዓሣ አልገዛም፤
ገንዳውንም አልሸጠም።
ፓምፑ ያንጎራጉራል፣ ኳሷ ትንሳፈፋለች፤
ውሃው ለማንም ይጠራል።

ትናንት፣ ለዘመን መለወጫ ቤት ሲጸዳ፣
ከቁምሳጥኑ ግርጌ ፎጣ አወጣ፣ ፈታ።
ሁለቱን ድንጋዮች በሸሚዙ ጠርዝ ወለወለ፤
እጄን ይዞ ዘረጋ፤
አንዱን አስቀመጠ፣ ሌላውን ጨመረ።
ከባድ ነበሩ።
ጉንጮቹን አየሁ፤ እንዴት ከስተዋል!
ያን ሁሉ ዘመን በአፉ የያዘኝ፣
ሳይውጠኝ፣ ሳይተፋኝ።

«ሾርባው ይቀዘቅዛል» አለ፤
ወንበሩንም አንሥቶ
ፊቱን ወደ እኔ አዞረው።