የጠርዙ ቁራጭ

እኔ ወታደር ነኝ፣ ግን በርሬ አላውቅም፤
ከቀዩ አምፖል ሥር ርቄም አልሄድኩም።
ሌሎች ከደመና በላይ ያዩትን ነገር
እኔ የማየው ነው ከሳህን ውሃ ሥር።

አንቶፋጋስታ ነው። አመሻሹ ላይ ሻምበል ኦሳንዶን ሲመለስ፣
የራስ ቁሩን ሳያወልቅ፣ ላቡ ባንገቱ ሲፈስ፣
ፊልሙን መዳፌ ላይ አኑሮ ጣቶቼን አጠፈልኝ፤
«ኒባልዶ፣ አጥበውና አንተው ንገረኝ።»
ሌላ ቃል አልጨመረም።

አጠብኩት።
መጀመሪያ የመጣው በረሃው ነው፤ ጨው የለበሰ ሜዳ፣
የተሸበሸበ፣ እንደ ደረቀ ቆዳ።
ቀጥሎ የክንፉ ጫፍ፣ የቀለም ቁጥሩ ሳይቀር፤
ከዚያ፣ ምንም በሌለበት፣ አንድ ነገር።
ክብ ነው እንዳልል፣ አንድ ጎኑ ይጎድላል፤
ደመና ነው እንዳልል፣ ጥላው ጨው ላይ ይታያል።
ሳህኑን ነቀነቅሁ፣ እድፍ ነው ይለቃል ማለቴ፤
እድፉ መች ለቀቀ፣ የለቀቀኝስ ጉልበቴ።

በሳምንቱ ሦስት መኮንኖች ከሳንቲያጎ መጡ።
«ፊኛ ነው» አለ አንዱ።
«አጥቢያ ኮከብ ናት» አለ ሁለተኛው፣
በቀትር የተነሳ ፎቶ በእጁ ይዞ።
ሦስተኛው ፎቶውን ትቶ
አውራ ጣቴን ገልብጦ አየ፤
አሻራዬን ከሰማዩ ጋር አስተያየ።

«ሻምበል፣ ምን ነበር?»
«አላውቅም።»
«ይገምቱ እንጂ።»
«አልገምትም።»
«ፈርተው ነበር?»
ዝም አለ። ከመስኮቱ ውጭ የጥገና ልጆች
በተጣለ ጎማ መካከል ኳስ ይለጋሉ።

በወሩ ጠረጴዛ ሰጡት፤
የነዳጅ ደረሰኝ ቆጣሪ አደረጉት።

እኔንም አዘዙኝ፦ «ይህን ጠርዝ ቁረጠው፤
የመስታወት ነጸብራቅ ነው፣ ለመዝገብ የማይረባ ነው።»
ቆረጥኩት። ከክብሪት ሳጥን አይሰፋም።
ግን አልጣልኩትም።
ነጸብራቁ የሻምበሉ ፊት ነው፤
ጭምብሉ ባንድ ማሰሪያ ተንጠልጥሏል፣
አፉ በመጠኑ ተከፍቷል።
የፈራ ሰው አይደለም። ከሩቅ ስሙን ሰምቶ
«ማነው የጠራኝ?» ብሎ ዘወር ያለ ሰው ነው።

ያልታወቀውን በራሪ ካዝና ውስጥ ቆለፉት።
የታወቀው በኪሴ ከረመ፣ ከመታወቂያዬ ጋር፣
ሃያ ስድስት ዓመት።

ትናንት ጡረታ ወረፋ ላይ አገኘሁት፤
ከዘራው በክር የታሰረ፣ ጫማው በደንብ የተወለወለ።
ስለዚያ ቀን አላነሳም፤ ስለ ጉበቱ ነገረኝ፣
ስለ ዳቦ ዋጋ።
ቁራጯን አውጥቼ ሰጠሁት።
ወደ ፀሐይ አዞራት፣ ወደ ዓይኑ አስጠጋት፣
አራቃት።

«ኒባልዶ፣» አለኝ፣ «ይሄ ማነው?»

ወረፋው አንድ እርምጃ ተንቀሳቀሰ።