ድንጋይ ደርዳሪው

አባቴ ሙያው ነው ድንጋይ መደርደር፤
ሰው በሚያክል በርሜል፣ በእንጨቱ ከንፈር፣
አኩሪ አተር ከጨው ጋር ታሽቶ ከተኛበት በላይ
ሦስት ቶን ይጭናል፣ ያሃጊ ወንዝ ያለሰለሰው ድንጋይ።
ትልቁን ከሥር፣ ትንሹን ከጫፍ፣
ያለ ጭቃ፣ ያለ ገመድ፣ ያለ አንዳች ድጋፍ፤
ምድር ብትንቀጠቀጥ እንኳ የማይናድ ክምር።
ስለዚህ ብቻ ነው ሲኮራ የማየው፣ በሌላ አይናገር።

በረዶ ሁለቴ ወርዶ፣ ሁለቴ እስኪቀልጥ
ሻጋታው ሥራ ላይ ነው፣ በጨለማው ውስጥ።

ባለፈው ኅዳር ግን መሰላሉ ላይ ሳለ ራሱን አዞረው፤
ዶክተር ኢሱሩጊ ክንዱን ጠቅልላ ግፊቱን ለካችው፤
መቶ ሰባ ስምንት።
«ሚሶውን ይተዉት ገንዛቡሮ ሳን፣ ጨውንም ጭምር።»
አባቴ ጫማውን ፈልጎ ወጣ፣ ቃል ሳይናገር።
ሃምሳ ዓመት ድንጋይ ያነሣበትን እጁን እያየ
በዚያች ምሽት ከባዶው ሳህን ፊት ብዙ ቆየ።

እኔ ናጎያ ነኝ፣ ቤተ ሙከራ፣ ነጭ ካፖርት ለብሼ፤
የእሱኑ በርሜል ነው የማጠናው፣ በጠብታ ቀንሼ።
«አባዬ» አልኩት በስልክ፣ «ሻጋታው መቀስ አለው፣
ረጅሙን ፕሮቲን ቆራርጦ እንደ ጨሌ የሚበትነው።
በደምህ ውስጥ ደግሞ ኢንዛይም አለ፣ ሥር አስጨናቂ፣
እንደ ክፉ ጫኝ ገመድ ሳቢ፣ ቋጠሮ አጥባቂ።
አንዲት ቁራጭ ክር፣ ሦስት ፍሬ ጨሌ ብቻ የያዘች፣
ሄዳ አፉ ውስጥ ትሰነቀራለች፤
ዝም ታሰኘዋለች።»

«ካያኖ፣ ታዲያ ልብላ?»

አሁን ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።
በብልቃጥ ያየሁት በሰው ደም ይሁን አይሁን ማን ይንገረኝ?
ጨውም እዚያው አለ፤ አንዱ ሲያወርድ አንዱ ይሰቅላል፤
ማን እንደሚረታ ደብተሬ ገና ይጠይቃል።

ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ ያለዚያ ድንጋይ ይሉሃል፤
እኛ ቤት ግን ድንጋዩም ያጣፍጣል።

ለአዲስ ዓመት ሄድኩ። ግማሽ ሳህን፣ ብዙ ጎመን፣
ሚሶው በማንኪያ ጫፍ፤ እሱም እሺ አለ፣ ፊቱ ባይመስለንም የታመነ።
ከዚያ ክንዱን ሰጠ። ጨርቁ ተነፍቶ ያዘው አጥብቆ፤
«ይኸም ድንጋይ ደርዳሪ ነው» አለ አባቴ፣ ስቆ።
ተጭኖ፣ ተጭኖ፣ ቆይቶ ለቀቀ።
ቁጥሩን ያየሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ወደ በርሜሎቹ ዘለቀ፤
እዚያ፣ ከክምሩ ሥር፣
ጥቁሩ ወዝ በዝግታ ፈለቀ።