አልፋው አ፣ ዓይኑ ዐ

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ አርባ ሰባት፣ ምድር ቤት፤
ሱቅ ይሆናል ተብሎ ሱቅ ሳይሆን የቀረ ቤት፤
ወለሉ ሊሾ፣ ግድግዳው ያልተለሰነ ብሎኬት።
መጋረጃችን ብርድ ልብስ ነው፣ ነብር ያለበት፤
«ታጥቦ ካልሆነ አልቀበልም» ብላ የሰጠችን ጎረቤት።
የመጨረሻው ታክሲ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤
ስለዚህ ትያትሩ አጭር ነው።

እኔ ከነብሩ ጀርባ፣ በቢራ ሳጥን ላይ፣
ወረቀት በጉልበቴ፣ ስልኬን አብርቼ፣
ቃል ሲጠፋት ለተዋናይ
የማንሾካሹክ ነኝ፤ ታይቼ አላውቅም ወጥቼ።

ትብለጥ ወጣች።
ቀን ቀን ገላን፣ ጫማ ፋብሪካ፣ ሶል ታጣብቃለች፤
ማስቲሹ ከጥፍሯ ሥር አለ፣ ሽታውም አለ፤
ዛሬ ግን ቢጫ አቡጀዲ ለብሳ፣ መቋሚያ ይዛ፣
ስድስት መቶ ዓመት ወደኋላ ተጉዛ
አመተ ጽባሕ ሆነች፤ የደሴት መነኩሲት፣
«መጽሐፍ አትንኪ» ቢሏት
ጸሎቷን በጥላሸት በእንስራ ሆድ የጻፈች ሴት።
(የትም ገድል ላይ የለችም። ትብለጥ ናት የወለደቻት፣
በምሳ እረፍት፣ በጫማ ካርቶን ጀርባ፣
ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ።)

«ጌታ ሆይ» አለች፣ «ደጅህን ስጠና
‹ሴት ነሽ፣ ራቂ› አሉኝ የደጅህ ዘበኞች።
አንተስ ወደ እኛ ስትመጣ
በማን በር ነበር፣ በየትኛው ጎዳና?
አንዲት ልጃገረድ ‹ይሁን› ባትልህ፣ ባትከፍት፣
ዛሬም ደጅ ነበርህ፣ እንደኔው፣ ብርድ ላይ፣ ሌሊት።»

አንድ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ።
አንድ ሕፃን ከረሜላ ፈለገ።
አዴ ብርቂ ከፊት፣ ጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠው
(የውኃ ስብሰባ መስሏቸው ነው የመጡት፤
ይኼ ሊሾ ድሮ የሳቸው የምስር ማሳ ነው)
አንገታቸውን አሰገጉ።

ቀጥሎ ያቺ መስመር ናት፣ የተጣላንባት።
«ማን ይለየዋል?» ብያት ነበር፤ «ለጆሮ አንድ ነው፣ አውጪያት!»
ወረቀቴ ላይ አንዷ በአልፋው አ፣ አንዷ በዓይኑ ዐ ተጽፋለች፤
አንዷ በግእዝ ገረድ ናት፤ አንዷ ክረምት ከበጋ።
«የሚያይ ያየዋል» አለችኝ፤ ሌላ አልተናገረችም።

«አመትህ አይደለሁም፣ ዓመትህ ነኝ እኔ፤
መስከረምህ በደረቴ፣ ነሐሴህ በዓይኔ፤
ማንም ደመወዝ የማይቆርጥላት
ጳጉሜን የምትባል ትርፍ ወርህ — »

«ውኃ መጣች!» ከውጭ አንድ ልጅ ጮኸ።
በአሥራ አንደኛው ቀን!
ወንበር ተገፋ፣ ጀሪካን ተንኳኳ፣ ሰዉ እየተጋፋ ፈሰሰ፤
ነብሩ ተጎተተ፣ ተረገጠ፣ ሊሾው ላይ ተልከሰከሰ።
ቀጣዩን ቃል አንሾካሾክሁ። አልሰማችኝም።
ወረቀቴ ላይ የሌለ ነገር ተናገረች፦

«ሂዱ፣ ቅዱ። እሱም እንዲሁ ነው፤
ቀጠሮ የለውም፤ ሌሊት ነው የሚመጣው፤
ዕቃ ይዞ የቆየ ነው የሚቀዳው።»

አሥራ አንድ ሰው ቀረ። ቆጥሬያለሁ።
አሥሩ አጨበጨቡ።
አዴ ብርቂ ወደ እኔ መጡ፣ ወደ ቢራው ሳጥን፤
«ምን አለች? ገረድ ነኝ ነው ያለች፣ ወይስ አይደለሁም?»
ወረቀቱን አሳየኋቸው። ፊደል አይለዩም።
ጣታቸው ግን ሄዶ ሄዶ አንዷ ላይ ቆመ፤
«ይቺ ክቧስ፣ ባንድ እግሯ የቆመችው?»
«ዓይን ትባላለች።»
«እ» አሉ። ጀሪካናቸውን አነሡ።
«ባንድ እግሯ ቆማ ታያለቻ።»
ወደ ቧንቧው ሄዱ፤ ተራቸው አልፎ ነበር።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣ ውኃዋ ሳትሄድ፣
ነብሩን ሳፋ ውስጥ አጠብነው።
የፋብሪካው ሰርቪስ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው፤
ትብለጥ ቀሚሷን ሰብስባ በእግሯ ትረግጣለች፣
በየርግጫው ከትንፋሿ ሥር ያቺኑ ቃል ትላለች።
በየትኛው አ እንደሆነ አላየሁም፤
ጨለማ ነበር።