ቋጠሮ

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ክላክስቪክ ወደብ ዳር፣
ዓለት የቀደደው፣ ማዕበል የበጠሰው መረብ ሁሉ
በእጄ ከገባ ተደፍኖ ነው የሚያድር።

የራሴ ቀዳዳ ግን (በኋላማ ሁለት ሆኑ)
ስም በማይጠራበት፣ ከመቀመጫ በታች፣
ሲያብጥ ሲፈርጥ፣ ሲመግል ሲያነጥብ፣
ለማን ይወራል? ለጀልባ አለቃ? ለቄስ?
ቤተ ክርስቲያን በአንድ ጎኔ ተደግፌ፣
ስብከቱ ሲረዝም ጥርሴን ነክሼ፣
“ምነው ማርዩን፣ አረፍ አትዪም?” ሲሉኝ
“ቆሜ ይቀለኛል” እያልሁ
ሦስት ክረምት በውሸት አሳልፌ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤
እኔ የደበቅሁት በሽታውን አይደለም፣
ሰፈሩን ነው።

ቶርስሃቭን ላይ ሐኪሟ ሶልሩን ዓይኔን ሳትሸሽ ነገረችኝ፦
“አንጀትሽን የያዘው ክሮን ነው፤ ለጊዜው የማዝልሽ ክር።”
“ለምን ክር? ስፊውና ይብቃ! እኔ እኮ ቀዳዳ አውቃለሁ፣
ካልተደፈነ አያድር።”
“ያንቺ መረብ መግል አይቋጥርም” አለች፤
“ይሄ ቦይ ነው፤ አፉ ቢዘጋ ውስጥ ለውስጥ ያብጣል፣
ሌላ መውጫ ይቆፍራል።
ሰንጥቄ ብከፍተው ደግሞ በረኛው ጡንቻ ይቆረጣል፤
ከዚያ በሩን ማን ይዘጋል?
ክሩ ይለፍበት። ክፍት ሆኖ ይፍሰስ።
መድኃኒቱ በደም ሥርሽ እስኪደርስ
እኔና አንቺ እንታገሥ።”

ታገሥሁ። ሁለት ሰማያዊ ክር እንደ ጉትቻ ቀለበት
ከማይታይ ቦታ ተንጠልጥሎ።
ትኩሳቱ ለቀቀኝ።
ቋጠሮው ግን! እንደ እሾህ ወጋኝ።

በስድስተኛው ሳምንት ከኪሴ ሲባጎ አወጣሁ፦
“ሐኪም፣ አትቀየሚኝ፤ ቋጠሮሽ ጉብታ ነው፤
እኛ ቤት ለጀማሪ ልጅ እንኳ እንዲህ አናስተምርም።
ጫፉን መልሺ፣ አስተኚው፣ ጠፍጣፋ ይሁን።”
አልጋው ጠርዝ ላይ፣ በጓንት፣ ሦስት ጊዜ ሞከረች፤
ሁለቴ ተፈታባት።
በሦስተኛው ሳበችው፣ ሳበችው፣ አልተነቃነቀም።
“ማን አስተማረሽ?”
“አባቴ።”
“ለዓሣ?”
“ለዓሣ።”

ዛሬ ከሁለቱ አንዱ ደርቋል፤ ሌላው ገና ነው፣
ክሩም እዚያው ነው።
ሶልሩን “ይሽራል” አላለችም፤ “እናያለን” ነው ያለችው።
ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ተቀመጥሁ፣
እስከ ዋሻው አፍ ድረስ። ከዚያ ቆምሁ።

መረብ ቤት ስገባ ባይኒር፣ አዲሱ ልጅ፣
“የት ነበር ያመመሽ?” አለኝ።
“ቂጤን” አልሁት።
መርፌው ከእጁ ወደቀ።
ጎንበስ ብዬ አነሳሁለት፣
የጀመረውን ቀዳዳ አሳየሁት።