የበዳዳ ታኮ

ቱሉ ዲምቱ ሳይነጋ፣ አሥራ ስምንት ቱቦ ጭነን፣
በዳዳ ሰንሰለቱን በብረት መታ፤ ጆሮ ሰጠ፤ ዝም አልን።
«የጠበቀ ይጮኻል ልጄ፤ የላላ ግን ያጉረመርማል፤
ክብ ነገር ውለታ አያውቅም፤ ካዘነበለ መሬት ጋር ያድማል።»
ያውቃል፤ ግራ እግሩን ያሳጠረው
እንዲህ ያለ ቱቦ ነው።

አቃቂ ድልድይ ላይ ነፋስ
ጭነቱን እንደ ባዶ ጠርሙስ ነፋው።

የሰበታ ማራገፊያ ቁልቁለት ነው። ክሬኑ ቆየ። ሾፌሩ፦ «ፍታው!» አለ፣ «መሸ!»
በዳዳ ዞረ፤ በአጭሩ እግሩ ታኮውን ዳሰሰ።
«ዳገት በኩል ቁም» ብቻ አለኝ። የመጨረሻው ሰንሰለት ሲፈታ
ቱቦዎቹ ተነፈሱ፤ በእንጨት ሽራፊ ተይዘው፣
ንቅንቅ አላሉም ለአፍታ።

ባዶው ተሳቢ ሲነሳ፣ አንዷን ታኮ ሰረቅሁ።
ማታ፣ በራሱ የሚከፈተውን የኪራይ ቤቴን በር
በእሷ ደግፌ ተኛሁ።